ለንደን የትወና ሥልጠና ላይ ነኝ፤ ያለፋችሁበትም ያሰባችሁትም ኑ እናውራ

ከመድረክ_ጀርባ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ብዙ ቆይቻለሁ፤ ግን አንባቢ ሆኜ ነው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ድራማ ስኩል ግን ምን ያስተምራሉ? ትወና ተሰጥዖ አይደል እንዴ?" የሚል ጥያቄ ተደጋገመብኝ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልዘርዝረው ብዬ ነው።

ስድስት ኪሎ ቴአትር ጥበባት ተምሬአለሁ። አሁን ለንደን ውስጥ የአንድ ዓመት የባለሙያ ትወና ሥልጠና ላይ ነኝ። ቀኑ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ጀምሮ እስከ ማታ 12 ነው። ትርኢት ሲቃረብ ከዚያም ያመሻል። ጠዋት ድምፅና የአካል እንቅስቃሴ፣ ከሰዓት በኋላ ትወና፣ ከዚያ ልምምድ። ቅዳሜ ቃለ ተውኔት ማጥናት ነው። እሁድ እንቅልፍ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ ወለል ላይ በጀርባችን ተኝተን ነው ያሳለፍነው። ጉልበት ታጥፎ ወደ ላይ፣ ከጭንቅላት ሥር ሁለት ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት። ሥራው ትንፋሽ የት እንደሚገባና የት እንደሚታፈን ማስተዋል ብቻ ነው። ይህን አሠራር ያመጣው ፍሬድሪክ ማቲያስ አሌክሳንደር የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ መነባንብ የሚያቀርብ ሰው ነበር። በትርኢት መሀል ድምፁ እየተዘጋ አስቸገረው። የሐኪም ምክርም አልፈታለትም። መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሲያጠና፣ ገና ሊናገር ሲል ጭንቅላቱን ወደ ኋላ እየጎተተ ጉሮሮውን እንደሚያፍን አየ። እ.ኤ.አ. በ1904 ለንደን መጥቶ ማስተማር ጀመረ። ዛሬ እዚህ አገር ብዙ የትወና ትምህርት ቤቶች የእሱን ሥልት ያስተምራሉ።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ምን ይጠቅማል? እኔ እንዳየሁት በጣም ይጠቅማል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ስንል ጉሮሯችን ለቅጽበት ይዘጋና ድምፁ ፈንድቶ ይወጣል። የቋንቋችን ጉልበትም ውበትም ነው። ችግሩ የሚመጣው የተቆጣ ገጸ ባሕርይ ስንሠራ ነው። ፊደሉ ካለፈ በኋላም ጉሮሯችን እንደተጨነቀ ይቀራል። የሚቀጥለውን አናባቢ በዚያው በጠበበ ቀዳዳ እንገፋዋለን። ሁለተኛው ትርኢት ላይ ድምፅ ይጎረንናል። የድምፅ አስተማሪዬ አማርኛ አታውቅም፤ ግን ስናገር አንገቴን አይታ ገባት። "ተነባቢው ይፈንዳ፣ ከዚያ ወዲያው በሩን ክፈቺው" አለችኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት "ቀጠቀጠ"፣ "ጨቀጨቀ"፣ "ጠቀጠቀ" እያልኩ እሠራለሁ። ቀስ ብዬ። ጠ ትፈነዳለች፣ ከኋላዋ ያለው "ኧ" በሰፊው ይለቀቃል። ቁጣው አልቀነሰም። ድምፄ ግን እስከ ማታ ይቆያል።

ስለ ትወናው ክፍል ደግሞ ዋናውን ልንገራችሁ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንዱ ያየውን ይናገራል። "ጸጉርሽን አስረሻል።" ሌላዋ ትመልሳለች፤ "ጸጉሬን አስሬአለሁ።" "ጸጉርሽን አስረሻል።" "ጸጉሬን አስሬአለሁ።" እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል። ከራስ ፈጥሮ ማምጣት የለም። ጎበዝ መስሎ ለመታየት መሞከር የለም። ቃሉ የሚቀየረው ከፊት ያለው ሰው ላይ አንድ ነገር ሲቀየር ነው። ፈገግ ካለ "ፈገግ አልክ" ይባላል። ሳንፎርድ ማይስነር የሚባል አሜሪካዊ መምህር ያዳበረው ልምምድ ነው። ኒው ዮርክ ኔበርሁድ ፕሌይሃውስ በሚባል የትወና ትምህርት ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ አስተምሯል።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የፈተነኝ እሱ ነው። ያደግኩት ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ሰበር አድርጎ መቆም ጨዋነት በሆነበት ቤት ነው። ሰው ላይ ዓይን መትከል ነውር ነው። የተመደበችልኝ ጓደኛ ደግሞ በዕድሜ እናቴን የምታክል ብራዚላዊት ናት። ዓይኗን እያየሁ ነው ብዬ ግንባሯን ነበር የማየው። አስተማሪዋ አንድ ቀን "ከቅንድቧ በላይ የሚኖር ሰው የለም" አለችኝ።

ከዚያ በየቋንቋችን እንድንሠራው አዘዘችን። እሷ በፖርቱጋልኛ፣ እኔ በአማርኛ። የምትለውን መድገም አልችልም፤ ቃሏን አላውቀውም። የቀረኝ ድምጿና ፊቷ ነው። ስናይ ስናይ ቆየንና "ደክሞዎታል" አልኳት። በአንቱታ። አስቤበት አይደለም፣ በአማርኛ ለእሷ ዕድሜ ሌላ አይወጣኝም። የዚያን ጊዜ ነው ዓይኗን በትክክል ያየሁት። አክብሬአትም አይቻትም። ፊቷ ተለወጠ፣ የእኔም ድምፅ አብሮ ተለወጠ። አስተማሪዋ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ እንድንቀጥል በእጇ አሳየችን።

ከዚያ ወዲህ ትወናን የማየው በዚህ በኩል ነው። ቃለ ተውኔቴን እንዴት እላለሁ ከሚለው በፊት፣ ሰውየው አሁን ምን አለኝ የሚለው ይቀድማል። አገር ቤት ስሠራ የራሴን ተራ እየጠበቅኩ የማሳልፈው ጊዜ ብዙ ነበር። ይህን ክር የከፈትኩትም ለዚህ ነው። እናንተስ ማዳመጥን እንዴት ተማራችሁት? ማን አስተማራችሁ?


ሁለተኛ_ዓመት_ስድስት_ኪሎ

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ይህን ነበር የምፈልገው። እኛ ጋ ስለ ሩሲያዊው የትወና መምህር ስለ ስታኒስላቭስኪ እንማራለን። የሞስኮ አርት ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1898 ተመሠረተ፣ "የተሰጡ ሁኔታዎች" (ተውኔቱ ስለ ገጸ ባሕርይው የሚነግረን ሁሉ)፣ "ዓላማ" (ገጸ ባሕርይው የሚፈልገው) ምናምን ለፈተና አጥንተናል። ወለል ላይ ግን አልወረደም። ተማሪው ብዙ፣ አዳራሹ አንድ፣ ተራ እስኪደርስ ሰዓቱ ያልቃል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የአካል ትምህርቱ ምንድን ነው? ጂምናስቲክ ነው? ሁለተኛ፣ በግጥም የተጻፈ ተውኔት ላይ ይህ የማዳመጥ ነገር ይሠራል? እኛ ግጥም ስንይዝ ሁላችንም አንድ ዓይነት ዜማ ውስጥ ነው የምንገባው። መምህራችን "አታዚሙ" ይለናል፤ እንዴት እንደምንተው ግን አናውቅም።


ከመድረክ_ጀርባ

@ሁለተኛ_ዓመት_ስድስት_ኪሎ ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው።

አካሉ ጂምናስቲክ አይደለም። ሩዶልፍ ላባን የሚባል የዳንስ ሊቅ ነበር። ከናዚ ጀርመን ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ የገባ ሰው ነው። እንቅስቃሴን በክብደት፣ በጊዜ፣ በቦታና በፍሰት ይከፋፍለዋል። ከባድ ነው ቀላል? ድንገተኛ ነው ዘገምተኛ? ቀጥ ያለ ነው ዘወርዋራ? እነዚህን እያቀያየርክ በር ትከፍታለህ፣ ወንበር ትስባለህ። ያንኑ በር በከባድና በዘገምተኛ ስትከፍተውና በቀላልና በድንገተኛ ስትከፍተው ሁለት የተለያየ ሰው ይገባል።

ሌላው የእንስሳ ጥናት ነው። አንድ እንስሳ ትመርጣለህ፣ ብዙ ሰዓት ታየዋለህ፣ ከዚያ በአካልህ ትሠራዋለህ። ሌሎቹ ወደ ለንደን መካነ እንስሳት ሄዱ። እኔ ጭላዳ መረጥኩ። መንዝ ጓሳ ሄጄ አይቻቸው ስለማውቅ ከትዝታዬና ከቪዲዮ ሠራሁ። ጭላዳ ሣር ስትበላ አትነሣም። በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች፣ በሁለት እጇ እያፈራረቀች ትነቅላለች። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው፤ ትከሻዋ ግን አይንቀሳቀስም። ዓይኗ ሣሩ ላይ አይደለም። ዙሪያዋን ነው የምታየው፤ ማን ቀረበ፣ ማን ራቀ። ሲያሰጋት ከንፈሯን ወደ ላይ ገልብጣ ድዷን ታሳያለች። ይህን ስሠራ ትከሻዬ ረግቶ እጄ ብቻ የሚሠራበት ሁኔታ መጣ። ከዚያ አስተማሪው "አሁን ሰው አድርጊያት፤ ሃያ በመቶ ብቻ ጭላዳነቷን ተይላት" አለኝ። የወጣችው ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትለቅም፣ መንደሩን በሙሉ የምትጠብቅ ሴት ናት። በወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ አስቤ አላገኛትም ነበር።

ግጥሙ ላይ ደግሞ ልቆይ፤ እኔም ገና እየታገልኩት ያለ ነገር ነው። የሼክስፒር ስንኝ በመሠረቱ አሥር ቀለም (ክፍለ ቃል) አለው። ላላ፣ ጠበቅ፣ ላላ፣ ጠበቅ እያለ አምስት ጊዜ ይሄዳል። የእኛ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ አሥራ ሁለት ቀለም ነው። ስድስት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ስድስት። የእኔ ጆሮ በዚህ ስላደገ የሼክስፒርንም ስንኝ መሀሉ ላይ ላሳርፈው እፈልጋለሁ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው መሄድ ይፈልጋል። አንዳንዴም ስንኙን አልፎ ወደሚቀጥለው ይፈስሳል።

የተሰጠኝ ልምምድ ይኸውልህ። ንግግሩን እያልክ ትራመዳለህ። ሥርዓተ ነጥብ ባገኘህ ቁጥር፣ ነጠላ ሰረዝም ብትሆን፣ ቀጥ ብለህ ቆመህ አቅጣጫ ትቀይራለህ። ሲሲሊ ቤሪ በዚህ ዓይነት ልምምድ ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ የድምፅ ኃላፊ የነበረች ሴት ናት። ስትሠራው ገጸ ባሕርይው ስንት ጊዜ ሐሳቡን እንደሚቀይር በእግርህ ታውቀዋለህ። ቤቴ ገብቼ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው ሼክስፒር ሞከርኩት። ዜማው ብቻውን ነው የለቀቀኝ። ዜማ የሚይዘን ስንኙን እንጂ ሐሳቡን ስለማንከተል ይመስለኛል። ሐሳቡ ወደ ግራ ሲታጠፍ አንተም ከታጠፍክ፣ ቤት መምታቱ ከሥር ራሱ ይሠራል፤ አንተ አትጠብቀውም።

በነገራችን ላይ ጸጋዬም በ1952 ዓ.ም. ገደማ ለንደን መጥቶ ሮያል ኮርት ቴአትር ውስጥ ቆይቷል። ቴአትሩ ስሎን ስኩዌር የባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። እንግሊሽ ስቴጅ ካምፓኒ የሚባለው የቴአትር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1956 እዚያ ከገባ ወዲህ የአዳዲስ ጸሐፊዎች ቤት ሆኖ ነበር። ጸጋዬ የደረሰው በዚያ ትኩስ ጊዜ ነው። ተመልሶ ሲጽፍ ግን የእነሱን የሳሎን አነጋገር አልቀዳም። አማርኛን በራሱ ጉልበት ነው ያስነሣው። የጸጋዬ ቤት የምንለው ምጣኔ የመጣው ከእሱ ነው። በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።


ጋሽ_ፒያሳ

ልጆች ሰላም ናችሁ? አብዛኛውን ጊዜ እዚህ አልጽፍም፤ ዓይኔም አያደርሰኝም። ይህችን ልጅ ግን ሳላመሰግናት ማለፍ አልቻልኩም። ሙያዋን የምታከብር ልጅ ናት።

እኔ የመጣሁት በሌላ መንገድ ነው። የዩኒቨርሲቲው የቴአትር ክፍል በ1970ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ሲከፈት እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ። የተማርኩት ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነው። ያኔ ሥልጠና የሚባለው አንጋፋዎቹን ማገልገል ነበር። ልብሳቸውን ትይዛለህ። የረሱትን ቃል ታቀብላለህ። የእነሱን ቃለ ተውኔት ከእነሱ በላይ ታውቀዋለህ።

ስለ ማዳመጥ ጠየቅሽ ልጄ። ልንገርሽ። የመጀመሪያ ድርሻዬ ጠባቂ ነበር። ጦር ይዤ ንጉሡ ጎን መቆም ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል የለኝም። ተውኔቱ በሳምንት አንድ ቀን ነበር የሚታየው፤ እንደምታውቁት እኛ አገር እያንዳንዱ ተውኔት የራሱ ቀን አለው። ከዓመት በላይ ቆየ። አዘጋጁ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ብሎኛል። "አንተ ካልሰማህ ሕዝቡም አይሰማም፤ ሕዝቡ የሚያየው ንጉሡን ብቻ እንዳይመስልህ" አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ እሁድ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። የፊት ረድፍ ላይ ያሉት ሰዎች ሲቁነጠነጡ አየሁ። ወደ ንግግሩ ተመለስኩ፤ እነሱም ተመለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ንጉሡ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰማ ሰው ነው የምሰማው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም፣ በ1948 ዓ.ም. በሩን የከፈተው ብሔራዊ ቴአትርም ተዋናይ ያፈሩት በዚህ መንገድ ነው። የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ስሙት። የሰውየው ድምፅ ገበሬውንም ቄሱንም እመቤቲቱንም እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ያቆማቸዋል። ጉሮሮው አይጨነቅም። አይቸኩልም። ዝም ሲል እንኳ ትጠብቀዋለህ። ስለዚህ የውጭውን ተማሩ፤ ግን የቤታችሁን ሰዎች ደግማችሁ አዳምጡ። ሥልጠናው የእነሱን መዝገብ እንዲዘጋባችሁ አልፈልግም።


ከመድረክ_ጀርባ

ጋሼ፣ እርስዎ ስለጻፉልን ክብር ይስጥልኝ። የጠባቂው ነገር ትምህርት ነው፤ ኮፒ አድርጌ ለክፍል ጓደኞቼ ተረጎምኩላቸው።

አንድ ነገር አስታወሱኝ። እዚህ ዌስት ኤንድ ላይ (የለንደን ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ሰፈር ነው) የሚሠራ ተዋናይ በሳምንት ስምንት ትርኢት ይሠራል። ስድስቱ ማታ ማታ፣ ሁለቱ በቀን ብርሃን። ድምፅና አካል ላይ ይህን ያህል የሚያደክሙን ለዚህ ነው። የእኛ ፈተና ግን ሌላ ነው። በሳምንት አንዴ፣ ለዓመት ያህል። በመሀል ስድስት ቀን ሌላ ሥራ፣ ሌላ ቀረጻ፣ ሌላ ሐሳብ አለ። እሁድ ስትመጣ ያንን ሰው ከየት ታመጣዋለህ? ለዚህ የሚሆን ሥልጠና እዚህ ማንም አላስተማረኝም፤ አይገጥማቸውምና። እርስዎ ግን ሠርተውታል። ሰዓቱ ሲደርስ ምን ነበር የሚያደርጉት? እባክዎን ይጻፉልን።


ጋሽ_ፒያሳ

ልጄ፣ ቀላል ነው። ከትርኢቱ ሁለት ሰዓት ቀድሜ እገባ ነበር። ባዶው መድረክ ላይ መግቢያዬንና መውጫዬን በእግሬ እሄደዋለሁ። ቃል አላወጣም። ከዚያ አብሮኝ የሚሠራውን ሰው ፈልጌ ሰላም እለዋለሁ፤ እንዴት እንዳደረ፣ ልጁ ተሻለው እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ያን ቀን በምን ሁኔታ እንዳለ ካላወቅሁ መድረክ ላይ አላገኘውም። ሰላም ሳይባባሉ የገቡ ሰዎች ተውኔቱን ለየብቻ ሲሠሩት ብዙ አይቻለሁ።


ሜሪላንድ_ልጅ

ጋሼ እንዴት ደስ ይላል! ይህን ሳነብ አለቀስኩ።

እኔ የምጽፈው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሚያሰለጥኗችሁን ሰዎች ለይታችሁ እወቁ ለማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የክረምት ጥብቅ ሥልጠና ገብቼ ነበር። ስሙ ይቅር። አስተማሪው የሚያምነው በስሜት ትዝታ ነው። ለትዕይንቱ ሐዘን ካስፈለገ የራስህን ሐዘን ቆፍረህ ታመጣለህ። አባቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። ክፍሉ ሁሉ ፊት ስለ ቀብሩ ቀን፣ ስለ ልብሱ ሽታ፣ ስለ እጁ እንድናገር እየጠየቀ ገፋኝ። አለቀስኩ። "ይኸውልሽ ትወና" አለኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ አልነበረኝም። ትዕይንቱም ደግሞ አልተሻሻለም። እኔ አባቴን ነበር የማስበው፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ፊቴ ቆሞ አላየሁትም።

በኋላ ታሪኩን ሳነብ ሰላም አገኘሁ። ግሩፕ ቴአትር የሚባል ቡድን ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲመሠረት፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ሊ ስትራስበርግ ተዋናዮቹን በዚህ የስሜት ትዝታ ነበር የሚያሠራቸው። ስቴላ አድለር ከአባላቱ አንዷ ናት፤ አሠራሩ አስጨንቋታል። በ1934 ፓሪስ ሄዳ ስታኒስላቭስኪን ራሱን አገኘችው። ለሳምንታት አብራው ሠራች። ሰውየው ያኔ ትኩረቱን ወደ ድርጊት፣ ወደ ተሰጡ ሁኔታዎችና ወደ ምናብ አዙሮ ነበር። ተመልሳ ለግሩፑ ስትነግር ትልቅ ክርክር ተነሣ። ማይስነርም ወደ እሷ ነው ያዘነበለው። ስለዚህ "ስታኒስላቭስኪ እንዲህ ብሏል" ብሎ ቁስላችሁን የሚነካ ሰው ሲመጣ፣ ስታኒስላቭስኪ ራሱ አንድ ቦታ እንዳልቆመ እወቁ።

አሁን ማታ ማታ ሌላ ቦታ እማራለሁ። አስተማሪዬ መጀመሪያ የነገረችን ነገር "አይሆንም የማለት መብት አላችሁ" የሚል ነው። እህቴ፣ እናንተ ጋስ እንዴት ነው?


ከመድረክ_ጀርባ

@ሜሪላንድ_ልጅ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽን ነፍስ ይማር። ያደረገብሽ ነገር ትክክል አልነበረም፤ በግልጽ ልበለው።

እኛ ጋ ከከባድ ትዕይንት በኋላ መውጫ አለ። ልብሱን አውልቀን እናስቀምጣለን። እጃችንን፣ እግራችንን እናራግፋለን። ከዚያ ለጓደኛችን ስማችንን ነግረን ማታ ምን እንደምንበላ እንነግረዋለን። ሞኝ ይመስላል፤ ግን ሰውነት የሚገባው እንዲህ ነው። ለልቅሶ ትዕይንት ደግሞ ማንም "አልቅሺ" ብሎኝ አያውቅም። የሚጠይቁኝ "ከእሱ ምን ትፈልጊያለሽ?" ብለው ነው። እንዳይሄድብኝ እፈልጋለሁ እላለሁ። "እንግዲያው አስቀሪው።" አስቀረዋለሁ፤ አይቀርም። ዕንባ ከመጣ በዚያ መንገድ ይመጣል። ካልመጣም ትዕይንቱ አለ።

የእኛ አገር ለቅሶ አውጪዎችን አስታውሺ። ሙሾ የምታወርደው ሴት የራሷን ሰው አይደለም የምታለቅሰው። የሟቹን ፈረስ፣ ጋሻ፣ ደግነት እየጠራች ለቤተሰቡ ነው የምታለቅሰው። ዓይኗ እነሱ ላይ ነው። ሥራዋን ጨርሳ ቁጭ ትላለች። የዚህን ዕውቀት እኛ ቤታችን ውስጥ እያለን ሌላ ቦታ ፍለጋ መሄዳችን ያሳስበኛል።


ቴል_አቪቭ_ነኝ

ሰላም። አጭር ልጽፍ፤ አማርኛ ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ። የመጣሁት በልጅነቴ ነው።

እዚህ ሦስት ዓመት የትወና ስቱዲዮ ተምሬአለሁ። የስታኒስላቭስኪ ነገር እዚህ አገር በጣም ጥልቅ ነው፤ ምክንያቱም የእስራኤል ብሔራዊ ቴአትር፣ ሀቢማ፣ የተወለደው ሞስኮ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1917። በ1922 ያወጡትን ታዋቂ ሥራ ያዘጋጀው ቫኽታንጎቭ ነበር፤ የስታኒስላቭስኪ ተማሪ። ሞስኮ ውስጥ በዕብራይስጥ ሲሠሩ ከተመልካቹ ብዙው ቋንቋውን አያውቅም። ግን ሰው ይጎርፍ ነበር። ከብራዚላዊቷ ጋር ስለሠራሽው ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ።

ከሥልጠና በኋላ ስላለው ኑሮም ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ኦዲሽን (የትወና ፈተና) ስሄድ ለረጅም ጊዜ የሚሰጡኝ ድርሻ አንድ ዓይነት ነበር። አዲስ መጤ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ የፖሊስ ችግር ያለበት ልጅ እናት። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የሩሲያዊው ጸሐፊ የቼኾቭ ገጸ ባሕርይ አይሰጡኝም። ስለዚህ እኔና ጓደኞቼ የራሳችንን ተውኔት መጻፍ ጀመርን፤ ግማሹ አማርኛ ነው። እናቴ መጥታ ሳትጠብቀው ስትስቅ ሰማሁ። ለእኔ ከሁሉም ትምህርት ይበልጣል።


የሐዋሳ_እናት

ልጆቼ፣ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። ተዋናይ ካልሆንኩ ትላለች። አባቷ "መጀመሪያ ትምህርት" ይላል። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ሰው የሚበላው እንጀራ አለው ወይ ይህ ሙያ? ውጭ ካልሄደች አይሆንም ማለት ነው? እባካችሁ እንደ እናታችሁ አድርጋችሁ ንገሩኝ።


ከመድረክ_ጀርባ

እማዬ፣ በእውነት እመልስልዎታለሁ።

ውጭ መሄድ ግዴታ አይደለም። ለውጭ አገር ተማሪ ክፍያው ከአገሬው ተማሪ በእጅጉ ይበልጣል፤ ያለ ስኮላርሺፕ አልመክርም። እኔም ባላገኝ ኖሮ አልመጣም ነበር። ለመግባት ደግሞ ኦዲሽን አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መነባንብ ይጠይቃሉ፣ አንዱ የጥንት፣ አንዱ የዘመኑ። ብዙ ሰው ተፈትኖ ጥቂት ነው የሚያልፈው። አባቷ ትምህርት ማለታቸውም ልክ ነው፤ ግን ቴአትርም ትምህርት ነው። ስድስት ኪሎ አለ፣ ከአዲስ አበባ ውጪም የቴአትር ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ።

እንጀራው ላይ አልዋሽዎትም። ከመድረክ ብቻ መኖር እኛ አገርም እዚህም ከባድ ነው። እዚህ አብረውኝ ከሚማሩት አብዛኞቹ ማታ ካፌና ሬስቶራንት ይሠራሉ፤ እኔም እሠራለሁ። አገር ቤት ሰው የሚኖረው ቴሌቪዥን ድራማ፣ ማስታወቂያ፣ ድምፅና ማስተማር ደባልቆ ነው። ልጅዎ ይህን አውቃ ከገባች ትበረታለች። ሳታውቅ ከገባች ትሰበራለች። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ቤት ውስጥ ሰው ሲያወራ ታዳምጣለች? የሰው ነገር ትታዘባለች? ወይስ መታየቱን ነው የወደደችው? ይህን ከእናት በላይ የሚያውቅ የለም።


የሐዋሳ_እናት

ታዳምጣለች። ጎረቤት መጥቶ ሲሄድ አካሄዱን ሁሉ አስመስላ ታሳየናለች። ከማንም ጋር ስትጣላም አላየሁም፤ "እሱ እንዲህ ብሎ ነው'ኮ" ትላለች። አመሰግናለሁ ልጄ። ለአባቷም አነብለታለሁ።


ሁለተኛ_ዓመት_ስድስት_ኪሎ

ጓዶች፣ የሥርዓተ ነጥቡን ልምምድ ትናንት ባህል ማዕከል ደጅ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሞከርነው። የሚያልፈው ተማሪ ሁሉ ቆሞ ያየን ነበር። መምህራችንም አየን፤ ሰኞ ለክፍሉ በሙሉ እንድናሠራው ነግሮናል።

የመድገሙን ልምምድ ግን በትክክል የሚመራን ሰው እንፈልጋለን። እህቴ፣ ቅዳሜ በቪዲዮ ልትገቢ ትችያለሽ? በእኛ 9 ሰዓት ላይ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ፒያሳ ከሆኑ ሩቅ አይደሉም። ታክሲ ይዤ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ሰዓቱ ይመቻችሁ እንደሆነ ሁለታችሁም ጻፉልኝ።


ከመድረክ_ጀርባ

ቅዳሜ ይመቸኛል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ስልክ ከክፍሉ ውጭ ይሁን፣ ጥሩ ብርሃን ያለው ቦታ ፈልጉ። ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ካለ አንቱ እያላችሁ ሥሩት፤ አንተ ለማለት አትጨነቁ።


ጋሽ_ፒያሳ

እመጣለሁ። ታክሲው ይቅር፣ በእግሬ ነው የምወጣው፤ ለትንፋሼም ጥሩ ነው። ጠንካራ መደገፊያ ያለው ወንበር ካላችሁ አንድ አስቀምጡልኝ። አንዷን ተማሪ ከእኔ ጋር ታስቀምጣላችሁ፤ ዓይኗን ሳትሰብር እንድታየኝ እፈልጋለሁ።